«ሕንፃው የራሳችሁ ነው ወይስ ኪራይ?»

ባለፈው ጥቅምት አንድ ጎረቤቴ ልጁን አንድ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ሊያስጎበኝ ሲሄድ አብሬያቸው ሄድኩ። ኮሌጁ ከተማ መሀል ያለ አሮጌ የጡብ ሕንፃ ነው። አስጎብኚያችን የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች፤ ጥፍሮቿ ሥር የሕትመት ቀለም ገብቶ ቀርቷል። የሸክላ ምድጃውን፣ የቅርጻ ቅርጽ ክፍሉንና ብርሃን ከላይ የሚገባበትን የሥዕል ስቱዲዮ አሳየችንና «ጥያቄ ያለው?» አለች። አንዷ እናት ስለ ዶርም ጠየቁ። አንዱ አባት ልጃቸው ሲመረቅ ምን ሥራ እንደሚያገኝ ጠየቁ። ጎረቤቴ እጁን አወጣ።

«ይሄ ሕንፃ የራሳችሁ ነው ወይስ ኪራይ?»

ልጁ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስ ባላት። አስጎብኚዋ ፈገግ ብላ «የራሳችን ይመስለኛል» አለችና ወደ ቀጣዩ ክፍል መራችን። ስንመለስ ልጅቱ ቤልትዌይ የሚባለው ቀለበት መንገድ እስክንገባ ድረስ አላናገረችውም። እሱ ግን ሜሪላንድ ውስጥ ሃያ ዓመት ታክሲ ነድቶ፣ ሁለት ጊዜ ሱቅ ከፍቶ፣ ሁለቱንም ጊዜ አከራይ ያስለቀቀው ሰው ነው። አንድ ቤት ሲገባ ከግድግዳው በፊት የሚታየው ውሉ ነው። እኔም ያን ዕለት አፍሬለት ነበር። በኋላ ነገሩን ሳጣራው ግን በዚያ ጉብኝት ላይ ቁም ነገር የጠየቀው እሱ ብቻ እንደሆነ ገባኝ። ግማሽ ጥያቄ ቢሆንም።

(የአገር ቤቱን ካልሆነ በቀር እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከእኛ ሁለት ሰዓት ተኩል በመኪና የሚያስኬደው ፊላደልፊያ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ አርትስ የሚባል ትምህርት ቤት ነበር። ሥሩ በ1876 የአሜሪካ መቶኛ ዓመት በኤግዚቢሽን ከተከበረበት ጊዜ ይጀምራል። ያኔ ሙዚየምና ትምህርት ቤት በአንድ ስም ተቋቋሙ፤ ዓላማው የፋብሪካ ዕቃን መልክና ቅርጽ የሚያወጡ ባለሙያዎችን ማፍራት ነበር። ሙዚየሙ ዛሬ ጎብኚ የሚጎርፍበት የፊላደልፊያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ሆኗል። ትምህርት ቤቱ ደግሞ በ1930ዎቹ ኧርቪንግ ፔንን የመሰለ ፎቶግራፈር ያፈራ፣ ኋላም ሙዚቃ፣ ዳንስና ቲያትር የጨመረ፣ በብሮድ ስትሪት ግራና ቀኝ የተዘረጋ ተቋም ሆነ።

አርብ ሜይ 31 ቀን 2024 አመሻሽ ላይ ፊላደልፊያ ኢንኳየረር ጋዜጣ ዩኒቨርሲቲው ሊዘጋ ነው ብሎ ጻፈ። የሚዘጋው ጁን 7 ነው፤ የቀረው አንድ ሳምንት። 1,149 ተማሪና 700 የሚያህል ሠራተኛ ነበረው፤ አብዛኛው ወሬውን የሰማው ከጋዜጣውና ከማኅበራዊ ሚዲያ ነው። ሰኞ ዕለት ማብራሪያ ይሰጣል ተብሎ የተጠራው ስብሰባ ሊጀመር ሲል ተሰረዘ። ማክሰኞ ፕሬዚዳንቷ ሥራ ለቀቁ። ተማሪዎች የዋናውን ሕንፃ ደረጃ ሞልተው ተቃውሞ አሰሙ። በሴፕቴምበር ዩኒቨርሲቲው ንብረቱ ተሸጦ ለባለ ዕዳዎች የሚከፋፈልበትን ኪሳራ አወጀ።

ይህን ለጎረቤቴ ስነግረው መጀመሪያ ያለኝ «ኪራይ ነበሩ?» ነው።

አልነበሩም። ሃሚልተን ሆል የሚባለው ባለ ዓምድ ሕንፃ ጆን ሃቪላንድ በ1820ዎቹ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት የሠራው ሲሆን ከብሮድ ስትሪት ሕንፃዎች በዕድሜ የሚበልጠው የለም። የትምህርት ቤቱ ንብረት ነበር። ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለብዙ ፎቅ ቴራ ሆልም የራሱ ነበር። ችግሩ በሕንፃዎቹ ላይ የባንክ ዕዳ መኖሩ ነው። ትምህርት ቤቱ ሲሞት ቴራ ሆልን ቴምፕል ዩኒቨርሲቲ በ18 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ሃሚልተን ሆልን ከጎኑ ካለው ዶርም ጋር ስካውት የተባለ አልሚ ድርጅት በ12.25 ሚሊዮን ወሰደው፤ ለአርቲስቶች ስቱዲዮና መኖሪያ ሊያደርገው አቅዶ። ሁለቱ ሽያጮች ተደምረው 30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይሆናሉ። መሀል ዋሽንግተን ውስጥ አንድ መለስተኛ የአፓርታማ ሕንፃ በዚህ ዋጋ ቢሸጥ ማንም አይደነቅም።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ሌላ ነገር ደግሞ አለ፦ ኢንዶውመንት የሚባለው ቋሚ ገንዘብ የት ሄደ? 60 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበረው ተብሏል፤ የትም አልሄደም። አብዛኛው ለጋሾች ለዚህ ብቻ ይዋል ብለው ያሰሩት ገንዘብ ነው። ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያ የተሳለ ስለት ለመሪጌታው ደመወዝ እንደማይውል ሁሉ፣ ለቫዮሊን ተማሪ ስኮላርሺፕ የተሰጠ ገንዘብም የመብራት ሒሳብ አይከፍልም። ጋዜጣ ላይ «60 ሚሊዮን እያላቸው ከሰሩ» የሚለው አርዕስት ትክክል ይመስላል፤ ሒሳብ ክፍሉ ውስጥ ለተቀመጠው ሰው ግን ከዚያ ገንዘብ ለደመወዝ ቀን የሚደርስለት ጥቂቱ ብቻ ነው።

የቀረው ከተማሪ የሚመጣው ክፍያ ነው። እዚህ ላይ የአሜሪካ ኮሌጅ ዋጋ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል፣ በተለይ ለእኛ ሰው። ድረ ገጹ ላይ የሚታየው 50 ሺህ ዶላር መርካቶ ውስጥ መጀመሪያ እንደሚጠራው ዋጋ ነው። የኮሌጅ ሒሳብ ሹሞች ማኅበር በ2023-24 ባወጣው ጥናት መሠረት የግል ኮሌጆች ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎቻቸው የሚያደርጉት ቅናሽ በአማካይ ከጠሩት ዋጋ 56 በመቶ ነበር። ከመቶው ብር አርባ አራቱ ብቻ ነው እጃቸው የሚገባው። ይህ የሚያዋጣው ተማሪው ሲበዛ ነው። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ አርትስ ግን ከአስር ዓመት በፊት ወደ 2,000 የሚጠጋ ተማሪ ነበረው፤ በመጨረሻ ግማሹ ገደማ ጠፍቷል። ከፊቱ ያለውም አያጽናናም። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሕፃን የተወለደበት ዓመት 2007 ነው፤ 4.3 ሚሊዮን ገደማ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ እየወረደ ነው የመጣው። 2007 ላይ 18 ደምሩበት፤ 2025 ይሆናል። በዚያ ላይ የፌዴራሉ የትምህርት ዕርዳታ ቅጽ፣ ፋፍሳ፣ በ2023 መጨረሻ አዲስ ተደርጎ ወጥቶ ወራት ሙሉ ሲንገዳገድ ከረመ፤ ኮሌጆች ማን እንደሚመጣላቸው ሳያውቁ ሰኔ ደረሰ።

ይህ ሁሉ ግን ትንሽ ኮሌጅን በሙሉ የሚመለከት ነው። የሥነ ጥበብ ኮሌጅን ለብቻው የሚያከብደው ሌላ ነው፣ እሱን ለማየት አንድ ድንጋይ በቂ ነው።

አስጎብኚዋ የሕትመት ክፍሉ ውስጥ ያሳየችን የሊቶግራፊ ድንጋይ ግራጫ፣ ለስላሳ፣ እንደ መጽሐፍ ጠርዙ ቀጥ ያለ የኖራ ድንጋይ ነው። ከጀርመን ባቫሪያ፣ ዞልንሆፈን ከምትባል ቦታ የሚወጣውን ያህል ለዚህ ሥራ የሚሆን ድንጋይ የለም ይባላል። ትልቁን ሁለት ሰው አያነሣውም፤ በማንሻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ተማሪዋ መጀመሪያ ውሃና አሸዋ የመሰለ ዱቄት እያፈሰሰች በላዩ ላይ ከባድ ብረት ታዞራለች፤ ከእሷ በፊት የነበረው ተማሪ የሣለው እስኪጠፋ። ከዚያ ቅባት ባለው እርሳስ ትሥላለች። የግራር ሙጫ ከጥቂት አሲድ ጋር ትቀባዋለች (ሙጫው ከእኛው ሰፈር፣ ከሱዳን ወገን የሚመጣው ነው)። ድንጋዩን ስታርሰው ቅባቱ ውሃውን ይገፋል፤ ቀለም በሮለር ስታሳልፍበት ደግሞ ቅባቱ ላይ ብቻ ይይዛል። ወረቀት ይደረግበታል፣ ማተሚያው ይጫነዋል። ሥራው ሲያልቅ ድንጋዩ እንደገና ይፈገፈጋል፤ በእያንዳንዱ ተማሪ ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ እየሳሳ መቶ ዓመት ያገለግላል።

ይህን ድንጋይ በዙም ማስተማር አይቻልም። ክብደቱን የሚችል ወለል፣ የአሲዱን ጢስ የሚያወጣ መሳቢያ፣ ማታ ስድስት ሰዓት ድረስ ክፍሉን የሚጠብቅ ቴክኒሻን ያስፈልገዋል። አንድ መምህር ከአሥራ አምስት ተማሪ በላይ ቢሰጠው ማን ጣቱን ማተሚያው ውስጥ እንደሚከት አያውቅም። አንድ የአካውንቲንግ መምህር ግን አዳራሽ ውስጥ ማይክ ይዞ 200 ሰው ያስተምራል። ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አካውንቲንግ ሊቶግራፊን ይደጉማል። ብቻውን የቆመ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ግን የሚደጉመው ወንድም የለውም፤ ሁሉም ልጆቹ ብዙ የሚበሉ ናቸው።

ታዲያ ለምን ወደ ርካሽ ቦታ አይሄድም? መምህሮቹ አይከተሉትማ። የእነዚህ ኮሌጆች ብዙ መምህራን በክፍለ ጊዜ የሚከፈላቸው፣ ቀን ስቱዲዮአቸው ውስጥ የሚሠሩ፣ ማታ የሚያስተምሩ አርቲስቶች ናቸው። ሙዚየሙ፣ ጋለሪው፣ ቲያትሩ፣ የማስታወቂያ ድርጅቱ፣ የተመራቂው የመጀመሪያ ሥራም ከተማው ውስጥ ነው። መሬቱ የተወደደው ግን ጎብኚውም፣ ጠበቃውም፣ ባንኩም ያንኑ መንገድ ስለሚፈልገው ነው። ፊላደልፊያው ሲዘጋ የዳንስ ትምህርት ክፍሉን ቬርሞንት ገጠር ውስጥ ያለው ቤኒንግተን ኮሌጅ ተቀበለው። እንደሚመስለኝ ዳንስ ጥሩ ወለልና ጥሩ መምህር ካገኘ ስለሚነቀልና ስለሚተከል ነው። የቀሩት ተማሪዎች ተበታተኑ፤ ከ300 በላይ የሚሆኑትን ቴምፕል ወሰዳቸው።

እዚያው መንገድ ላይ፣ ጥቂት ብሎክ አለፍ ብሎ፣ በ1805 የተመሠረተውና ሄንሪ ኦሳዋ ታነር የተማረበት የፔንሲልቬንያ የሥነ ጥበብ አካዳሚ በዚያው በ2024 መጀመሪያ ዲግሪ መስጠቱን እንደሚያቆም አስታውቆ ነበር፤ ሙዚየሙ ይቀጥላል። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ደግሞ በ1871 የተመሠረተው የሥነ ጥበብ ኢንስቲትዩት በ2022 ተዘጋ። እሱ ግድግዳው ላይ ዲዬጎ ሪቬራ በ1931 የሣለው፣ 50 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል ተብሎ የተገመተ ሥዕል ነበረው። ሊሸጠው አስቦ ነበር፤ ከተማው በቅርስነት ሊመዘግበው ሲነሣ ነገሩ ቆመ። ሃምሳ ሚሊዮን ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ደመወዝ መክፈል አቃተው። ከተማው ልክ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ የተራበው መምህር ግን እንደ እኔ እንዲያስብ አልጠብቅም።

ጎረቤቴ የወደደው ታሪክ የኒው ዮርኩን ኩፐር ዩኒየን ነው። ሙጫ እየሠራ የከበረው ፒተር ኩፐር፣ እሱ ራሱ አንድ ዓመት ያህል ብቻ ትምህርት ቤት የቆየ ሰው፣ በ1859 ለሠራተኛ ልጆች ከፈተው። ለብዙ ትውልድ ተማሪ ሳይከፍል ተምሮበታል። እንዴት? የክራይስለር ሕንፃ የቆመበት መሬት የኮሌጁ ነው። 77 ፎቅ ያለው፣ ጫፉ የሚያብረቀርቀው ያ ሕንፃ ለሥዕል፣ ለአርክቴክቸርና ለምህንድስና ተማሪዎች የመሬት ኪራይ ሲከፍል ኖሯል፤ ከ2018 ጀምሮ ኪራዩ በዓመት 32.5 ሚሊዮን ዶላር ሆኖ ነበር። «እንዲህ ነው እንጂ!» አለ ጎረቤቴ።

እንዲህ አልቀረም። በ2006 ኮሌጁ በዚያ መሬት ላይ 175 ሚሊዮን ዶላር ተበደረ፤ ዋናው ምክንያት በ2009 የተከፈተውን፣ ብረት ለብሶ መሀሉ የተቀደደ የሚመስለውን አዲሱን ሕንፃ ማሠሪያ ነው። ዕዳው ከበደ፤ በ2013 ቦርዱ ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ተማሪ ይከፍላል ብሎ ወሰነ። ተማሪዎች የፕሬዚዳንቱን ቢሮ ከሁለት ወር በላይ ይዘው ተቀመጡ። ነገሩ የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ድረስ ሄደ። ኮሌጁ በ2018 በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ ነፃ ትምህርት ለመመለስ ዕቅድ አወጣ፤ አሁንም ደረጃ በደረጃ እየተመለሰ ነው። በመሀሉ ደግሞ በ2024 የክራይስለር ተከራይ ኪራይ አልከፈለኝም ብሎ ውሉን አፈረሰ፤ አከራይ መሆንም የራሱ ራስ ምታት አለው። ያም ሆኖ ኩፐር ዩኒየን በሕይወት አለ። ፊላደልፊያው የራሱን ግድግዳ መያዣ አድርጎ ሞተ፤ ኒው ዮርኩ የሌላ ሰው ግድግዳ የቆመበትን መሬት ይዞ ዳነ። ጎረቤቴ ላይ «ግማሽ ጥያቄ» ያልኩት ለዚህ ነው፤ ቤቱ የማን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን በቤቱ ላይ ስንት እንዳለበት መጠየቅ ነበረበት።

ሦስተኛ መንገድም አለ፦ መጠጋት። ከዋይት ሃውስ አጠገብ፣ አሥራ ሰባተኛው መንገድ ላይ፣ የኮርኮራን ነጭ እብነ በረድ ሕንፃ አለ፤ ብዙዎቻችን በታክሲ አልፈነዋል። ጋለሪውም ትምህርት ቤቱም አንድ ነበሩ። በ2014 ፍርድ ቤት ፈቅዶ ተከፈለ፤ ትምህርት ቤቱና ሕንፃው ለጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሄደ፣ ከ17 ሺህ በላይ የሚሆኑትን የጥበብ ሥራዎች ናሽናል ጋለሪ ቀድሞ መረጠና የቀረው ለሌሎች ተከፋፈለ። ትምህርት ቤቱ አልሞተም፤ ግን ሥዕሉን ፎቅ ላይ አይቶ ወርዶ መሣል ቀረ።

የተጠጋ ደግሞ ድምፁ ይቀንሳል። ይህን ከማንም በላይ የምናውቀው ዋሽንግተን ባለው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። እስክንድር ቦጎስያን፣ አዲስ አበባ ተወልዶ ለንደንና ፓሪስ ተምሮ የመጣው፣ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 ድረስ ያስተማረው እዚያ ነው። ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍም፣ የግዕዝን ፊደል ሸራ ላይ ያስጨፈረው፣ በ1980 ሁለተኛ ዲግሪውን የያዘው እዚያ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የሃዋርድ የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ኮሌጅነቱ ተነሥቶ ወደ አርትስ ኤንድ ሳይንስ ተቀላቀለ። ተማሪዎች ተቃወሙ፤ አንዱ ቻድዊክ ቦዝማን ነበር፣ ኋላ ዓለም ያወቀው ተዋናይ። አልሰሟቸውም። ከሃያ ዓመት በኋላ ኮሌጁ እንደገና ተቋቋመ፤ በ2021 በሟቹ በቦዝማን ስም ተሰየመ። እስክንድር ጡረታ የወጣው ኮሌጁ በፈረሰበት ዘመን ነው፤ ሲመለስ ለማየት አልበቃም፣ በ2003 አርፏል።

አገር ቤት ያለው ነገር ከዚህ ሁሉ ይለያል። አለ ፈለገሰላም ቺካጎ፣ በሙዚየም ክንፍ ሥር ያለ የከተማ የሥዕል ትምህርት ቤት ተምረው ተመልሰው በ1950 ዓ.ም የአዲስ አበባውን ሲከፍቱ ይዘው የመጡት ያንኑ አሠራር ነው። መኻል ከተማ ይሁን፣ የሚሠራ ሰዓሊ ያስተምር። ገብረክርስቶስ ደስታ ከኮሎኝ፣ እስክንድር ከፓሪስ እየመጡ አስተማሩበት። ትምህርት ቤቱ ዛሬ በአለ ስም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። የሚይዘው ባንክ የለም፤ መሬቱም የመንግሥት ነው። ቦርድ ተሰብስቦ አርብ ማታ «በሰባት ቀን ዘግተናል» አይለውም። ያ ማለት ግን የሚያሰጋው የለም ማለት አይደለም፤ በጀቱም፣ ቦታውም፣ የሚገባው ተማሪ ቁጥርም የሚወሰነው ከግቢው ውጭ ነው። ፊላደልፊያው በተዘጋበት በ2024 ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ቬኒስ ቢናሌ በሚባለው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ትርኢት ላይ የራሷን ድንኳን ስትተክል ሥራውን ያቀረበው ተስፋዬ ኡርጌሳ የዚሁ የአዲስ አበባው ትምህርት ቤት ምሩቅ ነው። ከፍሎ ቢሆን ኖሮ ይማር ነበር ወይ ብዬ አስባለሁ።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስ። አሜሪካ ውስጥ ለትርፍ ያልተቋቋመ የግል ኮሌጅ አብዛኛው በየዓመቱ ፎርም 990 የሚባል የግብር ሰነድ ያስገባል፤ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ የግብር መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ በስም ፈልጎ ማውረድ ይቻላል። ገቢው ከወጪው ስንት እንደሚያንስ፣ ቦንድ የሚሉት ዕዳ ስንት እንደቀረ፣ ኢንዶውመንቱ ውስጥ የታሰረውና ያልታሰረው ስንት እንደሆነ ይታይበታል። ለትምህርት ቤቱ ዕውቅና የሚሰጠው ኮሚሽንም ማስጠንቀቂያ የሰጠው እንደሆነ ድረ ገጹ ላይ ይጽፋል። ሁለቱም ዘግይተው ነው የሚደርሱት፤ ፎርሙ አንዳንዴ አንድ ዓመት ተኩል ወደ ኋላ የቀረ ነው። ግን የአምስት ዓመቱን አጠገብ ለአጠገብ ካስቀመጡት የተማሪ ክፍያው እየወረደ ይሁን እየወጣ ለማየት ሒሳብ ሹም መሆን አያስፈልግም። ጎረቤቴ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ስልኩ ላይ ሲያነብ ዋለና «ዲፕሪሲዬሽን ማለት ጣሪያው ሲያረጅ ነው አይደል?» ብሎ ደወለልኝ። ነው።

በመጋቢት ሌላ ኮሌጅ፣ ሌላ ከተማ ሄድን። ደረጃው ላይ ስንቆም ጎረቤቴ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ልጅቱ ግን ቀደመችው። የንድፍ ደብተሯ ጀርባ ላይ ጽፋ ይዛው መጥታለች። «ሕንፃው ላይ ቦንድ አለባችሁ? ስንት ዓመት ቀረው?» አስጎብኚው ልጅ ስልኩን አውጥቶ ጥያቄውን መዘገበና ፋይናንስ ክፍሉን ጠይቆ በኢሜይል እንደሚመልስላት ነገራት። እስካሁን አልመለሰም። እሷም ማስታወሻ ልካለታለች።